ጣሳ ጠባቂው ሙዲር

ስሙኝማ፣ በዚያ በረሃብ ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሳለን አንድ አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ተጠጋኝ። ሥራ ፈት ነበርኩና ሙዲር ብዬ፣ በዐረብኛ አለቃ ማለት ነው፣ ትምህርት አስጀመርኩት። የቂጣ ፍርፋሪ እይዝና ወገቡን ጫን አድርጌ «ቁጭ» እለዋለሁ፤ ሲቀመጥ አጎርሰዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጣሳዬ አጠገብ ቁጭ ካለ ወይ ፍንክች። ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል «ሰው የሚቀምሰው አጥቶ አንተ ውሻ ታስተምራለህ? መጀመሪያ አንተ ፊደሉን ጨርስ» ትለኛለች። «አንቺን ማስተማር ቢያቅተኝ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን የዱራ፣ የማሽላ ማለት ነው፣ እደላ ሰልፍ ላይ ተራ እንዲይዝልኝ ጣሳዬን አስቀምጬ ድንኳኔ ውስጥ አረፍ ልበል ስል ወባ ጣለኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ባለቤቱ ያልደረሰለት ጣሳ ደግሞ ከሰልፍ ይወረወራል፤ የሳምንት ቀለቤ ቀረ ማለት ነው። ስነቃ እትዬ ይመኙሻል ጣሳዬን ሞልታ፣ ሙዲርን አስከትላ ቆማለች።

«ሰልፈኞቹ ጣሳህን ሊወረውሩ ሲሉ ውሻህ ጥርሱን አሳያቸው። እኔ ጣሳውን ወደፊት ስገፋ እሱ እየተከተለ ቁጭ፣ እየተከተለ ቁጭ ሲል እህል ሰፋሪው ፊት ደረስን» አለችኝ።

ዱራውን ፈጭታ ገንፎ ሠራችልኝ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ለሙዲር ሰጠችው። እግዜር ይስጣቸው ሁለቱንም። በእሷ እንኳ ሁለት ቀን ሙሉ አላሾፍኩባትም።