የፍየል እግር የገዛችው ሐኪም

ሽማግሌው ቀዶ ሐኪም ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሥጋ ሊገዙ ልኳንዳ ቤት ጎራ ሲሉ፣ ከሚያሠለጥኗቸው ወጣት ሐኪሞች አንዷ ባለልኳንዳውን "አራት የፍየል እግር፤ ጅማቱ እንዳይነካብኝ አደራ" ስትል ደረሱ።

"ለሾርባ ነው ልጄ?" አሏት ፈገግ ብለው።

ልጅቷ ደነገጠች። "አይ ጋሼ፣ ስፌት ልለማመድበት ነው። የአውራ ጣቷ ጅማት የተቆረጠባት ልብስ ሰፊ አለች፤ ሰኞ የምሰፋላት እኔ ነኝ።"

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። "እኛ ቆመን እያየን ነው የተማርነው። ሆድ የከፈተ እጅ የጣት ጅማት ያቅተዋል?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቅተዋል። አጥንት ክፍል የምትሠለጥነውን ጓደኛዬን ያውቋታል። እኩል ጀመርን፣ እኩል እንመረቃለን። እሷ ሠላሳ ጅማት ሰፍታለች፤ እኔ ሁለት።"

"ምን ስትሠሪ ከረምሽ ታዲያ?"

"እጅ የቆሰለውን አንድ ቀን የእነሱ ክፍል፣ አንድ ቀን የእኛ ይቀበላል። እነሱ ጋ ሲመጣ አስተማሪ አጠገባቸው ይቆማል። እኛ ጋ ግን 'ጣት ነው' ተብሎ በዕለቱ ለተገኘ ሰው ይጣላል፤ ሌሎቻችን ሆድ ወደሚከፈትበት እንጠራለን። የሰው እጅ ዕጣው የሚወጣው በቆሰለበት ቀን ነው።"

"አጋነንሽው። እኔ ከሰፋሁላቸው አንድም ሰው ተመልሶ አላማረረም።"

ይሄኔ ባለልኳንዳው ቢላውን አስቀመጠ። "ዶክተር፣ አላወቁኝም?" ብሎ ግራ እጁን ጨበጠ። ሌሎቹ ጣቶች ሲታጠፉ አመልካች ጣቱ ቀጥ ብላ ቀረች። "እርስዎ ነዎት የሰፉልኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ደንበኞቼ 'መንገድ አሳዪው' ይሉኛል።"

"ታዲያ ለምን አልተመለስክም?"

"ተመልሼ ምን ልበል? ደሜን አቁመው፣ ቁስሌን አድርቀው ሰደዱኝ። ላከመኝ ሰው እሮሮ ይዤ መሄድ አሳፈረኝ። እኔስ ቢላ የምይዘው በቀኜ ነው፤ ለልብስ ሰፊዋ ግን አውራ ጣቷ ጉሮሮዋ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ልጅቷን ይተዋት፣ ትማር።"

ሽማግሌው ያቺን ጣት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ሊያጥፏት ሞከሩ። የሰፉበትን ቀን ሊያስታውሱ ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም። ያሳፈራቸው ከጣቷ ይልቅ ይህ ነበር። ያልተመለሰ ሁሉ ድኗል ብለው ኖረዋል።

"እግሩን ስምንት አድርገው" አሉት በመጨረሻ። ወደ ልጅቷም ዞረው፣ "ለጓደኛሽ ደውዪላት። ዛሬ እሷ ታሳየናለች" አሏት።

"ታሳየናለች?"

"አዎ፣ እኔንም ጭምር። ሽማግሌ አይማርም ያለሽ ማነው?"

ሰኞ ልጅቷ ስትሰፋ ጓደኛዋ አጠገቧ ቆመች፤ ሽማግሌውም ያዙ የተባሉትን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ክፍል ሠልጣኞች እጅ የቆሰለውን ሁሉ አብረው በእኩል ተራ ያክማሉ። መጀመሪያ በፍየል እግር ይለማመዳሉ፣ ቀጥሎ ከአስተማሪ ጋር ይሰፋሉ፤ በቂ ያልሰፋ ለብቻው አይተውም። ስለዚህ ማክሰኞ የቆሰለ አናጢ ሐሙስ ከቆሰለው አያንስም፤ ሠልጣኙም አላውቅም ለማለት አያፍርም። እጁ የዳነለት ሰው ቤቱም አብሮ ይድናል።

ልብስ ሰፊዋ ስፌቷ ወጥቶ አመስግና ልትሄድ ስትነሳ፣ ሽማግሌው "በየሳምንቱ ተመለሺ" አሏት። "ባይታጠፍልሽ ሳታፍሪ እንድትነግሪን ነው። ቢታጠፍም ነይ።"

በሦስተኛው ወር አውራ ጣቷን አጥፋ፣ ዘርግታ፣ ደግማ አጥፋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው በመዝገባቸው ላይ ጻፉት፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከሰፉ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያዩት የመጀመሪያው ጣት ነበር።