ይተነፍሳል የተባለው የዝናብ ካፖርት

እኛ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባለው ሰፈር በገባንበት ዘመን፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ማለቴ ነው፣ እንደናንተ መኪና የለ፤ ሁሉ ነገር በባስ ነው። እኔ ደግሞ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ባስ ስጠብቅ ዝናብ ደበደበኝና የሳምባ ምች ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፣ እና ስመለስ ሱፐርቫይዘሯ ጠርታ "ብርቄ፣ ድጋሚ ከቀረሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለችኝ። በቃ፣ የዝናብ ካፖርት ልገዛ ቆረጥኩ።

ልጄን ማርታን ይዤ ሄድኩ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛው የሷ ነው። ሱቁ ውስጥ ርካሹ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፣ ውዱ እጅ አያስነካም፤ መሃለኛው፣ ሰማያዊ የሴት ካፖርት፣ ዘጠና ዶላር። ሻጭዋ መጣችና ብዙ ተናገረች፣ ብዙ!

"ምን አለች?" እላለሁ።

"ማሚ፣ ውሃ አያስገባም ግን ይተነፍሳል አለች።"

"ማነው የሚተነፍሰው?"

"ኮቱ።"

"ካፖርት ይተነፍሳል?"

"አይ ዶንት ኖው ማሚ፣ እንደዛ ነው ያለችው!"

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ አየር የሚያወጣ ከሆነ ውሃው እንዴት አይገባም? እጅጌውን አፌ ላይ አድርጌ እፍ፣ እፍ አልኩበት። ሻጭዋ ታየኛለች። ግራ እንደገባኝ ገዛሁት።

ታዲያ ሰኞ ዘነበ። ባሱ ሊያመልጠኝ ሆነና ሮጥኩ፣ ሮጥኩ። ሥራ ደርሼ ካፖርቱን ሳወልቅ ጀርባዬ ውሃ! ቅዳሜ ይዘነው ተመለስን። ሻጭዋ ገልብጣ አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ከዛ ለማርታ የሆነ ነገር አለቻት። ልጄ አፈረች።

"ምን አለች?"

"ማሚ... ዝናብ አይደለም፣ ላብ ነው አለች። ግን ከፈለግሽ ሪተርን ማድረግ ትችያለሽ።"

ላብ! ዝናብ ይሁን ላብ በምን ልወቅ? ታዲያ ልመልሰውም፣ ልተወውም አቅቶኝ ይዤው ገባሁ። እና ሲዘንብ ጠብቄ ለብሼው ሕንፃችን በር ላይ ወጣሁና ቆምኩ። እንዳያልበኝ ንቅንቅ አላልኩም። ማርታ ከውስጥ ሰዓት ትይዛለች። አንዲት ጎረቤታችን ሮጣ ስትገባ "ቁልፍ ጠፋብሽ?" አለችኝ። "ኖ፣ ኖ፣ ካፖርት!" አልኳት። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ገባች። ግማሽ ሰዓት! ከዛ ማርታ ጀርባዬን ዳበሰችና "ማሚ፣ ድራይ ነው!" አለች።

አሁን ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? ካፖርቱ ደህና ነው ማለት ነው፤ ግን ሰው ሥራ የሚሄደው እንደ ሐውልት ቆሞ ነው እንዴ?

"ታዲያ መለሱት፣ እትዬ ብርቄ?"

መለሱት ወይ ትሉኛላችሁ? ምን እመልሰዋለሁ! ከዛ ወዲህ አንድ ባስ ቀድሜ፣ ቀስ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ስምንት ዓመት ለበስኩት፣ የሳምባ ምቹም ተመልሶ አልያዘኝም። ግን ዘጠና ዶላር የሚያወጣ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ! ያዳነኝ ካፖርቱ ይሁን ቀድሜ መውጣቴ በምን አውቃለሁ? ይቺው ማርታ አጠገቤ አለች፣ ትንገራችሁ፣ እሷ ናት የሻጭዋን ነገር ሁሉ የሰማችው።

"ማሚ ሙች፣ እኔም ያኔ ካለችው ግማሹ አልገባኝም ነበር። እንዳትናደጂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

አያችሁልኝ! ሃሃሃ! ለካ ያ ሁሉ ዝናብ ላይ መቆሜ በግማሽ ወሬ ነው!