በሎሚ የታጠበው ማርትሬዛ

ሺህ ሰባት መቶ ብር! አባቴ ለተወልኝ አሥራ ሰባት ማርትሬዛ፣ ለዚያ ለድሮው የፈረንጅ ብር፣ የቆቦው አንጥረኛ የሰጠኝ ዋጋ ይህ ነበር። የሞተብኝን የእርሻ በሬ ለመተካት ግን ሺህ ስምንት መቶ ያስፈልገኛል። «ደሴ ሄጄ ዋጋውን ሳላጣራ አልሸጥም» ብዬ ቆረጥኩ። መቼም በሬ ለገበያ ሲወጣ ታጥቦ ነው፤ እኔም የማርትሬዛዎቹን ጥቁረት በአመድና በሎሚ አሽቼ አስለቀቅኩ። ባለቤቴ ሐዋ አንዱን ከእጄ ነጥቃ፣ «ይኼ እንኳ የአባትህ እጅ ይኑርበት» አለችና እንዳለ በኩታዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ።

የደሴው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አሥራ ስድስቱን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? እኔኮ የምገዛው እርጅናውን ነበር! አሁን በሚዛን፣ አንዱን በመቶ ብር ነው የምወስደው።»

«ያልታጠበ ቢሆንስ?»

«አራት መቶ!»

«ቃልህ ቃል ነው» ብዬ ቋጠሮዬን ፈታሁ። እየሳቀ ቆጠረልኝ።

ሁለት ሺህ ብር ይዤ ወጣሁ። መቶ ሃያው ለመኪና ሄደ፣ በሬው ተገዛ፣ የተረፈችውን ሰማንያ ብር ለሐዋ ሰጠኋት። በሎሚ አጥቤ የደፋሁትን አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ግን እስካሁን አልነገርኳትም።