ለለቅሶ የተሰጠ ሺፍት

ባለቤቴ ስትሞት የልጃችን የጤና ኢንሹራንስም አብሮ ቀረ፤ በእሷ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። ልጄ ደግሞ አስም አለባት። እኔ ዳላስ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የመንገደኞች ዊልቸር እገፋለሁ። በሳምንት ሠላሳ ሰዓት የሠራ ሰው እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስለሚቆጠርና ኢንሹራንስ ሊሰጠው ግድ ስለሆነ፣ ሁላችንንም ከዚያ በታች ነው የሚያሠሩን። የሥራ ጓደኞቼ ለቅሶ ሲመጡ፣ ትልቁ ሰውዬ ጋሽ ታደሰ፣ "ማጽናናት ብቻ ምን ያደርግለታል? ሺፍታችንን እንስጠው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ሺፍቱን እየተወልኝ ለወራት ሠራሁ። ሰዓቱን ማንም አልደመረም።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘራችን ሄለን ቢሮ ጠራችኝ።

"ይህን ሁሉ ሰዓት ማን ሰጠህ?"

"ሰዎቹ ናቸው። ለለቅሶ ነው።"

"የምን ለቅሶ! ማናጀሩ ዛሬ ጮኸብኝ እኮ። አማካይ ሰዓትህ ከሠላሳ አልፏል።"

አበቃልኝ ብዬ ባጄን ከአንገቴ ማውለቅ ጀመርኩ።

"ምን ታወልቃለህ? በሕጉ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሆነሃል፤ ኢንሹራንስ ሊሰጡህ ግድ ነው። ልጅህንም አስገባት።"

ባጄን መልሼ አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ስወጣ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አባረሩህ እንዴ?"

"ሙሉ ጊዜ አደረጉኝ፣ ጋሼ።"

"ተመስገን! በል ሺፍቴን መልስልኝ፤ ሚስቴ ቤት መዋሌ መሯታል።"

ፓርኪንግ ሄጄ ለልጄ ሐኪም ደወልኩና ቀጠሮ ያዝኩ። ከቀብሩ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ሳላለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው።