የሻጩ ብረት

ሰው ግቢዬ ገብቶ «ለጤናችሁ ብዬ ነው» ሲለኝ ኪሴን ያዝ ነው የማደርገው። በቀደም ከሚሴ ከተማ ያለው ቤታችን ድረስ የመጣው የውሃ ማጣሪያ ሻጭም እንዲሁ ነው ያለን። ማጣሪያው ከቆጣሪው ቀጥሎ ይገጠማል፤ አንዱ ሲሊንደር ደለሉን ያስቀራል፣ ሌላው በከሰል ሽታውን ይይዛል፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ የተጣራ ውሃ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን የቧንቧችንን ውሃ በብርጭቆ ቀዳና ሁለት ብረት ያለው መሣሪያ ነክሮ ሶኬት ላይ ሰካው። ውሃው እንደ ቦርከና ወንዝ በክረምት ደፈረሰ። ከራሱ ጠርሙስ የቀዳው ግን ምንም አልሆነም። «አያችሁ የምትጠጡትን?» አለን።

እናቴ ደነገጠች። እኔን ግን ያ ብረት አላማረኝም፤ ማዕድን የሌለው ውሃ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ጓዳ ገብቼ ከትንሿ ጀሪካን ቀዳሁና «እስቲ ይኼንንም ሞክርልን» አልኩት። ነከረው፤ ደፈረሰ።

«ውይ፣ ይኼማ የባሰ ነው! ከየት ነው የቀዳችሁት?»

እናቴ ጀሪካኗን አየቻት። «ከመካ» አለችው። «ከሐጅ ያመጣሁት የተባረከ የዘምዘም ውሃ ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ብረቱን ሲመዝዘው፣ ዝገቱ ከብረቱ ላይ እየተላጠ ይንጠባጠባል።

«ልጄ» አለችው እናቴ፣ «ማጣሪያህን መጀመሪያ ለብረትህ ግጠምለት።»