እጅ የለመደው ኪኒን

ለጆሮዬ ጠብታ ልገዛ የገባሁባት መድኃኒት ቤት ጠባብ ናት፤ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጣሪያ የነካ መደርደሪያ። የደረስኩት በአጎትና በእህት ልጅ ክርክር መሀል ነበርና ተራዬን ልጠብቅ ቁጭ አልኩ።

አጎቷ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ፋርማሲስት ናቸው። እሷም በዚያው ሙያ ተመርቃ አብራቸው መሥራት ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ባንኮኒው ላይ አዲስ መዝገብ ዘርግታለች።

«ጋሼ፣ ለማን፣ ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደተሰጠ ካልተጻፈ ችግር ቢመጣ በምን እናውቃለን?»

«በእኔ ነዋ!» ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የሰፈሩ ሕመም እዚህ ነው ያለው። ሳይናገሩ ነው የምሰጣቸው።»

«እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ፤ ሳይናገሩ መሰጠቱ።»

«ልጄ፣ እኔ ቤቴ ገብቼ የማዋራው ሰው የለኝም። እዚህ ግን የሚመጣውን ሰው ገና በር ላይ ሳየው ነገሩን ሁሉ አውቃለሁ። እሱን ወረቀት ላይ ከገለበጥሽው በኋላ ምን ልሠራ ነው? ለጌጥ ልቀመጥ?»

እኔም ብቻዬን የምኖር ነኝና ነገሩ ገባኝ። ሰው አንዳንዴ ስለ ሥራ የሚከራከር ይመስላል እንጂ የሚፈራው ለራሱ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ።

«የተለመደውን» አሉ።

የአጎቷ እጅ ዓይናቸው ሳያየው ወደ ኋላ ሄዶ ሁለት ፓኮ የደም ግፊት ኪኒን አወረደ። «እንካ ወንድሜ። ግንባርህን ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?»

«ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጋር። አሸነፈኝ።»

ልጅቱ ብዕሯን አነሳች። «አባባ፣ ለመዝገቡ ነው። ሁለቱም የእርስዎ ናቸው?»

«አንዱ የእኔ ነው። አንዱ... የባለቤቴ ነበር። ካረፈች አራት ወሯ።»

«ታዲያ የእሷን ምን ያደርጉታል?»

«እውጠዋለሁ። መጀመሪያ፣ አንዱ ይበቃኛል ልል ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። ኋላ ደግሞ፣ እሱ መሞቷን እያወቀ ሁለቱንም ከሰጠኝ ሐኪሙ ጨምሮልኝ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስነሳ ያዞረኛል። ባለፈው ወድቄ ወለሉ ላይ ብዙ ሰዓት ቆየሁ። ማንን ልጥራ?»

ግፊታቸውን ለካች፤ ዘጠና በሃምሳ፣ በጣም ዝቅ ያለ ሆነ።

«ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት። የእሷን ከእንግዲህ እንዳይነኩ፤ የራስዎን እንዴት እንደሚቀጥሉ እሱ ይወስናል። የወሰዱትን ሁሉ ጽፌ እሰጥዎታለሁ።» ዞር አለች። «ጋሼ፣ በየትኞቹ ቀናት ነው የተሰጣቸው?»

አጎቷ በጣታቸው ሊቆጥሩ ሞከሩ፤ አንድም ቀን አልመጣላቸውም።

«ቀብሯ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ» አሉ። «መሞቷን አውቃለሁ። እጄ ግን አልሰማም።»

«ተወው» አሉ ልብስ ሰፊው። «እኔም እስከ ዛሬ ሁለት ትራስ ነው የማስቀምጠው።»

ፈጣሪ አለመርሳትን ለራሱ አስቀርቶ፣ ለእኛ ለምንረሳው ወረቀትና ብዕር ሰጠን ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መዝገቡ ሰው አያባርርም። የተደረበ መድኃኒት ያሳያል፤ ብልሽት ያለበት ምርት ተመልሶ ይሰብሰብ ቢባል ማን እንደወሰደው ይነግረናል፤ እርስዎ ቢታመሙ ደግሞ በእርስዎ ቦታ የምቆመው እኔ ሳልሳሳት እሠራለሁ።»

«ሌላም ጥቅም አለው» አሉ አጎቷ። «አውቀዋለሁ ብዬ አራት ወር ሙሉ እንዴት ነህ ሳልለው ሸኘሁት። ለመጻፍ ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ቢያንስ እናወራ ነበር። በይ ገጽ ክፈችለት።»

ልጅቱ እየጠየቀች ሞላች፤ ዕድሜ፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የታዘዘው መጠን። «ችግር ቢገጥም የሚጠራ ሰው» የሚለው ላይ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ትከሻቸውን ሰበቁ።

«እሱን ባዶ ተዪው።»

አጎቷ ብዕሩን ከእጇ ወስደው የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው፣ የልብስ ሰፊውን ክንድ ይዘው አብረው ወደ ሐኪም ቤት ወጡ።

«ስንት ጊዜ ወደቅህ? መቼ መቼ? ቀስ ብለህ ንገረኝ» ሲሏቸው ከመንገዱ ይሰማ ነበር።