የሰው መኪና ውሃ መርጫ በስህተት ስለጠገነው ኑሩ

የምስክር ስም፦ ሩቅያ ይማም
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ነርስ
አድራሻ፦ ጅዳ
ቃል የተሰጠበት፦ ባሕራ፣ ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን በአማርኛ የጻፈው፦ የፖሊስ አስተርጓሚ ሙሕሲን አደም

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የተያዘውን ኑሩ ሰዒድን የማውቀው ጅዳ ጎረቤቴ ስለሆነ ነው። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ሌባ አይደለም። «ሌባ አይደለም» የሚለው እንዲጻፍልኝ አጥብቄ ጠይቄ ተጽፏል።

ዛሬ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ኑሩንና ትናንት ከደሴ የመጡትን እናቱን እማማ ሳሊማን ለዑምራ መካ ላደርስ በአሮጌ ነጭ መኪናዬ ከጅዳ ተነሳሁ። እናትየው «ያለ ልጄ የመካን ታላቅ መስጊድ፣ ሐረምን፣ አልረግጥም» ብለው የመጡ ናቸው። ሁለቱም ለዑምራ ነይተው ክልከላዎቹን እየጠበቁ፣ ማለትም ኢሕራም ላይ ነበሩ። እኔ በሴት ልማድ ምክንያት ኢሕራም አልገባሁም።

መንገድ ላይ አቧራ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ውሃ መርጫውን ብጫን ብጫን ጠብ የሚል ጠፋ። ባሕራ ነዳጅ ማደያ አቆምኩ። ኑሩ «ቀዳዳው ተደፍኖ ነው፤ በመርፌ ይከፈታል። አንቺ እማዬን እስከ መስጊዱ በር አድርሻት» አለኝና የትከሻውን ጨርቅ የያዘበትን መርፌ ቁልፍ ፈታ። እኛ ከሄድን በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከራሱ ከኑሩና ከከሳሹ ነው። ኑሩ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ከመኪናዬ ጎን በቆመ ሌላ አሮጌ ነጭ መኪና ኮፈን ላይ አጎንብሶ ቀዳዳውን ይጎረጉር ጀመር። ቀን ሙሉ አውሮፕላን ሲለይ የሚውል ሰው የእኔን መኪና መለየት አቃተው፤ ጉድ ነው!

ባለቤቱ፣ ማለትም ከሳሹ፣ ፈይሰል የሚባል የጅዳ ሰው መጥቶ «መኪናው የማን ነው?» ሲለው «የእህቴ» አለው። ፈይሰል «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ኢሕራም ላይ ያለ ሰው አይጨቃጨቅም፤ ኑሩ ደግሞ ዲኑን አጥባቂ ነውና ራሱን መከላከሉም ጭቅጭቅ መሰለው። «አና ሙሕሪም»፣ ኢሕራም ላይ ነኝ፣ ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ሌባ አስመሰለው። ፖሊስ መጥቶ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲጠይቀውም ኢቃማው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ የኢሕራም ጨርቅ ኪስ የለውም።

ከመስጊዱ በር ስንመለስ ኑሩን ፖሊስ መኪና ላይ ሲያወጡት አየን። እማማ ሳሊማ «ልጄን ሹመይሲ ሊያስገቡብኝ ነው!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከአገር የሚባረር ሰው የሚታሰርበትን ሹመይሲን ደሴ ሆነው እንኳ በስሙ ያውቁታል። እኔ ኢሕራም ላይ አይደለሁምና የኑሩንም የእናቱንም ድርሻ ተጨቃጨቅሁላቸው።

ተከትለናቸው ጣቢያው ግቢ ደርሰን ኢቃማውን አሳየሁ። በመኪናው የመጣው ፈይሰል «ታዲያ መርፌ ይዞ መኪናዬ ላይ ምን ይሠራል?» አለ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ግባና ውሃውን ተጫን!» አልኩት። ሲጫነው ውሃው በሁለቱም ቀዳዳ ተፈናጥሮ፣ መስታወቱን አልፎ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ አራሰው። ፖሊሱ ራሱ ሳቀ። ፈይሰል «ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ረጭቶ አያውቅም! ኸላስ፣ ትቻለሁ» አለ።

እማማ ሳሊማ «እናት አለህ?» ብለው በእኔ አስተርጓሚነት ፈይሰልን ጠየቁት። ባለፈው ረመዳን እንደሞተች ነገራቸው። ስሟን ጠየቁት፤ «ሀሰና» አለ። «ከዕባ ፊት ቆሜ በስሟ ዱዓ አደርግላታለሁ» አሉት። ፈይሰል ፊቱን አዞረ። ከዚያ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተላቸውና «እኔው ሐረም ድረስ አደርሳችኋለሁ፤ በእሷ መስታወት መንገድ አይታይም» አለ።

እኔ መኪናዬን ለማሠራት ባሕራ እቀራለሁ። እናትና ልጅ ፈይሰል መኪና ውስጥ ገብተው የእኔን ፊርማ ብቻ እየጠበቁ ስለሆነ ቶሎ እንዲያልቅልኝ አመለክታለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ፤ ሳይጻፍ የቀረ ቢኖር ጩኸቴ ነው። ተነቦልኝ፣ ልክ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሩቅያ ይማም
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ሙሕሲን አደም